በቤታቸው የሚማሩ ሕፃናት ስለ ሥራቸው የሚጠየቁበት መንገድ፤ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ከሚያገኛቸው ከተሞች አንዷ ሸዋ ሮቢት ናት። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በቀወት ወረዳና በአጎራባቾቹ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ፣ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚናገሩ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚሳለሙ ሰዎች በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። ስለ አካባቢው ይህን ያህል ማለት ያስፈለገው ቀጥሎ የሚነገረው የትምህርት ጉዳይ ከእርሻው፣ ከገበያውና ከሃይማኖቱ ተለይቶ ሊታይ ስለማይችል ነው።

የዚህ አካባቢ ሕፃናት ባለፉት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ከክፍል ውጭ ለመቅረት ተገደዋል። የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጠ በኋላ መጋቢት 7 ቀን በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችም በየቤታቸው ቀሩ። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ ክፍሎች በየተራ ቢከፈቱም፣ በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው የተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰብ አፈናቀለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከተማይቱ ለጥቂት ቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተስፋፋው የትጥቅ ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዳግመኛ ዘጋ፤ በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደ ነበሩ የክልሉ ትምህርት ቢሮ ገልጧል።

በሌሎች አገሮች «የቤት ትምህርት» ሲባል ወላጅ ወድዶና መርጦ ልጁን በቤቱ የሚያስተምርበት ሥርዓት ማለት ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ወላጅ የንባብና የሥራ መዝገብ እንዲይዝ፣ የልጁን ሥራ ናሙና እንዲያጠራቅም፣ በዓመቱ መጨረሻም ብቃት ባለው ገምጋሚ እንዲያስመረምር ያዛል። ቴክሳስ በአንጻሩ ይህን የመሰለ መዝገብ አይጠይቅም፤ ጀርመን ደግሞ የቤት ትምህርትን በጠቅላላው አትፈቅድም። በይፋት ቆላ ግን ማንም አልመረጠም። ልጁ ቤት የዋለው ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ ወይም መንገዱ ስላስፈራ ነው፤ አስተማሪ ሊሆን የሚገባው ወላጅም ብዙ ጊዜ ራሱ የፊደል ዕድል ያላገኘ ነው። ሆኖም የፔንሲልቬንያው ሕግ የሚጠይቀው ጥያቄና የቀወት መምህር የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ክፍል በሌለበት ልጁ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ጠያቂ ሲጠፋ

አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በአንድ የትምህርት ቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ የቤት ሥራው ይታያል፤ ወደ ሰሌዳው ይወጣል፤ ጓደኛው ጨርሶ እርሱ ሳይጨርስ ሲቀር ያፍራል፤ ደወል ሲደወል የጀመረውን ለመጨረስ ይጣደፋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመምህሩ ዕቅድ ውስጥ የተጻፉ አይደሉም፤ ነገር ግን ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ማግሥት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ። መጽሐፉ በቤት ሊኖር ይችላል፤ ሬዲዮም ሊኖር ይችላል፤ «የታለ? እስቲ አሳየኝ» የሚል ሰው ግን የለም።

በዚህ ጽሑፍ ተጠያቂነት የተባለው ይኸው ነው። ቅጣት ማለት አይደለም። ልጁ ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠይቀው፣ መቼ እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ሲያውቅና ጠያቂውም በተባለው ቀን ሳይቀር ሲጠይቅ ተጠያቂነት አለ ይባላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሰኞ «ዐርብ አየዋለሁ» ብሎ ዐርብ ያላየ አባት፣ ምንም ካልተናገረ አባት የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ ልጁ ያን ጊዜ የተማረው ቀጠሮ የማይከበር መሆኑን ነውና።

የቆየው ልማድ የሚያስተምረው

ዘመናዊ ክፍል ሳይኖር ልጅን ስለ ትምህርቱ መጠየቅ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳውንና መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ወደ ዳዊት የሚደርሰው ዕድሜው ስለ ደረሰ ወይም ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን የያዘውን በየኔታ ፊት ሲወጣው ነው። የኔታ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚበቃ ጊዜ ስለሌላቸው ቀድመው ያወቁት ታላላቆች ታናናሾቹን ያስጠናሉ፤ የኔታም ጥናቱ መያዝ አለመያዙን ያዳምጣሉ። ታናሹ ሲሰናከል ታላቁም ይጠየቃል። ይህ የኋለኛው ነጥብ ዛሬ በቂ ትኩረት አላገኘም፤ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ታናሹን እንዲያስጠና ሲታዘዝ ስለ ማስጠናቱ የሚጠይቀው ሰው እምብዛም የለም።

የይፋት ምድር ደግሞ ከወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ማለትም ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ የእስልምና ትምህርት የሠለጠነበት ነው። በቁርአን ቤት ሕፃኑ የዕለቱን ትምህርት ሎህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል። ያን አጥንቶ በሼኹ ፊት በቃሉ ካልወጣው በስተቀር ሎሁ አይታጠብም። ሎሁ ታጥቦ ለአዲስ ጽሕፈት ሲሰጥ ያለፈው ትምህርት በእርግጥ ማለፉ ለቤተሰቡ ሁሉ ይታያል። ለማየት ማንበብ የማያስፈልገው ማስረጃ ነው፤ እናቲቱ አንድም ፊደል ባትለይ የሎሁ መታጠብ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለች። የዛሬ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆች ፊደል ለማያውቅ ወላጅ የሚሆን ምልክት ሲፈልጉ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

እርግጥ ነው፣ ሁለቱም ልማዶች ጉድለት አላቸው። የሚመዝኑት ይበልጡን የቃል ጥናትን እንጂ ማስተዋልን አይደለም፤ አለንጋም ከሁለቱም ቤት ርቆ አያውቅም። ሒሳብንና የአካባቢ ሳይንስን በቃል በማስወጣት ብቻ መመርመር አይቻልም። ይሁንና ልጁ የያዘውን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አለመሻገሩ፣ መጨረሱንም አንድ የታወቀ ሰው ፊት ለፊት ማረጋገጡ፣ በሁለቱም ሳይጓደል የኖረ ሥርዓት ነው።

የ1971ዱም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ይህ ዘመቻ ተማሪውን በፈተና አስጠይቆ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያነበው መጽሐፍና የሚጠይቀው ሰው ያጣ ጎልማሳ ግን ፊደሉን መልሶ ረሳው። አንድ ጊዜ መጠየቅና ዘወትር መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

የ2012 ዓ.ም. ሬዲዮ

ትምህርት ቤቶች በተዘጉባቸው በ2012 ዓ.ም. ወራት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቴሌቪዥን ትምህርት ሲሰጥ ቆየ፤ በከተሞች የሚገኙ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም መልመጃዎችን በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ሥራው በአጭር ጊዜ የተዘጋጀ ከመሆኑ አንጻር የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም። አስተማሪው በሬዲዮ «መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ» ብሎ ጥቂት ሲያርፍ፣ ቀወት ውስጥ ያለው ልጅ ይጻፍ፣ ፍየል ለመመለስ ይሩጥ፣ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻም ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወሩ ተወሰነ። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ዘግይቶ በ2013 ዓ.ም. ተሰጠ። ዝውውሩ በዚያን ጊዜ ሌላ አማራጭ ያልነበረው ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል፤ ሚሊዮኖችን በአንድ ክፍል አስቀርቶ ከታች የሚመጡትን የት ማስቀመጥ ይቻል ነበር? ሆኖም አንድ ትርፍ ነገር ማድረግ ይቻል ነበር። ዝውውሩ በቤት የተሠራውን ሥራ መሠረት ያላደረገ በመሆኑ፣ አምስት ወር በሬዲዮው አጠገብ ደብተሩን ይዞ የተቀመጠው ልጅና አንድ ቀን ያልተቀመጠው ልጅ እኩል ተዛወሩ። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከአዋቂ ይልቅ ያስተውላሉ። የመጀመሪያው ልጅ ማለፉ ሳይቀር፣ ክፍሉ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን መምህሩ ደብተሩን ተቀብሎ ገልጦ ቢያይለት ብቻ፣ ቀጥሎ በመጡት መዘጋቶች ላይ ሌላ ዓይነት ልጅ ሆኖ ይገኝ ነበር።

የተሞላ ደብተር ምን ያሳያል?

ወላጅ ልጁን ለመቆጣጠር ሲነሣ መጀመሪያ የሚይዘው መለኪያ የደብተሩ ገጽ ነው። «ዛሬ ሁለት ገጽ ጻፍ» ይባላል፤ ሁለት ገጽ ይጻፋል። ልጁ ግን ሁለት ገጽ ለመሙላት የሚያበቃውን አጭሩን መንገድ ያገኛል፤ ይኸውም ከመጽሐፉ እንዳለ መገልበጥ ነው። ገልባጩ ልጅ ሰነፍ ነው ለማለት አይቻልም፤ የተጠየቀውን ፈጽሟል። ስሕተቱ የጥያቄው ነው። ባዶ ደብተር ስላሳየ የተገረፈ ልጅም ከግርፋቱ የሚማረው ደብተር መሙላትን እንጂ ትምህርትን አይደለም።

ከገጽ ብዛት የሚሻለው ደብተሩን አስዘግቶ መጠየቅ ነው። ለዚህም ወላጁ ማንበብ መቻል የለበትም። ለምሳሌ ንባብን እንውሰድ ቢባል፣ ልጁ አንድ ገጽ ረቡዕ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ያንኑ ገጽ ዐርብ ዳግመኛ ያንብብ። እናቱ ፊደል ባታውቅም ረቡዕ የት የት እንደ ተሰናከለ፣ ዐርብ እንደ ቀለለው ጆሮዋ ይነግራታል። ልጁ ሳያነብ በቃሉ ይዞ የሚወጣው መስሎ ከታየ ደግሞ ጣትን በገጹ መሐል ላይ አሳርፎ «እስቲ ከዚህ ጀምር» ማለት ይበቃል። በቃሉ የያዘ ልጅ ከመሐል መጀመር ይቸግረዋል፤ የሚያነብ ልጅ አይቸግረውም። ከዚያም «ምን ይላል? በራስህ አነጋገር ንገረኝ» ይባል። ያነበበውን የተረዳ ልጅ ሲናገር ይታወቃል፤ ያልተረዳውም ያንኑ የመጽሐፉን ዐረፍተ ነገር መልሶ መላልሶ ይደግመዋል።

በሒሳብ በኩል የይፋት ገበሬና ነጋዴ ከሚታሰበው በላይ ዐዋቂ ነው። መጽሐፉ 24 ጊዜ 15 ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ አባትየው የተጻፈውን አያነበው ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ሥራውን «24 ኪሎ ሽንኩርት፣ ኪሎው 15 ብር» ብሎ ቢነግረው አባት በልቡ አስቦ 360 ብር መሆኑን ልጁ እርሳሱን ሳያነሣ ሊያውቀው ይችላል። በገበያ ለዓመታት ሲደራደር የኖረ ሰው በእንዲህ ያለው ስሌት አይታለልም። ስለዚህ መምህሩ ለሳምንቱ የሚሰጠውን መልመጃ በሽንኩርት፣ በማሾና በትራንስፖርት ሒሳብ አድርጎ ቢያዘጋጀው ያልተማረውን አባት ከተመልካችነት ወደ አራሚነት ያሸጋግረዋል። አንዳንድ መምህራን ይህን ዘዴ ከትምህርት ደረጃ ዝቅ ማለት አድርገው ይመለከቱታል። አስተያየቱ የሚያስኬድ አይመስልም፤ ማባዛቱ ያው ማባዛት ነው።

የወፍ ጥበቃውና የጥናቱ ሰዓት

ቤት የዋለ ልጅ ሥራ የፈታ ልጅ ተደርጎ ይቈጠራል። በይፋት ቆላ ማሽላው ፍሬ መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ወፍ ይመጣል፤ ሰብሉን ወንጭፍ ይዞ መጠበቅም የቤተሰቡ፣ በተለይም የልጆች ሥራ ነው። ሽንኩርት ሲነቀልና ማሾ ሲለቀም እንዲሁ እጅ ይፈለጋል። ልጁን ከዚህ ሁሉ አውጥቶ ከጧት እስከ ማታ እንዲያጠና ማዘዝ ወላጁ የማይፈጽመው፣ ልጁም የማያምነው ትእዛዝ ነው። መጠየቅ የሚቻለው ሊፈጸም የሚችለውን ብቻ ነው።

ወፍ የሚበረታው በጧትና ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይ ስትከርር ወደ ጥላ ይገባል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠባቂው ልጅ አንድ ሰዓት በጥላ ሥር ተቀምጦ ማንበብ ይችላል። ለልጁ በዚህ መልክ የተወሰነች አንዲት ሰዓት፣ በየቀኑ በዚያው ጊዜ የምትመጣ፣ «ሲመችህ አጥና» ተብሎ ከሚሰጠው ቀን ሁሉ ትሻላለች። የሰዓቲቱ መጠበቅም ራሱ ከሚጠየቅባቸው ነገሮች አንዱ ይሆናል።

የሴት ልጆች ሁኔታ የተለየ ነው። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ታናናሾችን መያዝና ምግብ ማዘጋጀት የቀትር ዕረፍት የላቸውም። ከዚህም በላይ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር «ከእንግዲህ ምን ትጠብቃለች?» የሚለው የጋብቻ ጥያቄ ወደ ቤቱ ይቀርባል። በየሳምንቱ መምህርዋ የሚጠይቃት፣ ደብተሯ በጎረቤት ፊት የሚታይላት ልጅ ገና ተማሪ ናት፤ ማንም የማይጠይቃት ልጅ ግን ተማሪ መሆኗን ለማስረዳት የምታቀርበው ነገር የላትም። በዚህ ረገድ ተጠያቂነት ከሸክምነቱ ይልቅ መከለያነቱ ያይላል። መምህሩ ጊዜው አጥሮት ከሁሉም ቤት ሊደርስ ካልቻለ መጀመሪያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ልጆች ወዳሉባቸው ቤቶች ቢደርስ ይሻላል።

በስልክ መጠየቅ

በኮሮና ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 ቦትስዋና ውስጥ የተካሄደ ጥናት ለዚህ ጉዳይ ብዙ ትምህርት ይሰጣል። ለአንዳንድ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከ፤ ለሌሎቹ መልእክቱ ተልኮ በተጨማሪ አንድ አስተማሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚፈጅ ጥሪ ከወላጁና ከልጁ ጋር ጥያቄውን ሠራ። ጥሪ የደረሳቸው ልጆች በሒሳብ በግልጽ ተሻሻሉ፤ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ልዩነቱ በሌላው ጫፍ መልሱን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

ይህን ወደ ሸዋ ሮቢት ማምጣት ምን ያህል ሥራ ይጠይቃል? አርባ ተማሪ ያለው መምህር ለእያንዳንዱ ቤት በሳምንት 15 ደቂቃ ቢመድብ 600 ደቂቃ፣ ማለትም ዐሥር ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ቤት ቢደርስ በአምስት ቀን ይጨርሳል፤ ይህም በቀን ሁለት ሰዓት ነው። ክፍል ለተዘጋበት መምህር የማይቻል ሥራ አይደለም፤ የአየር ሰዓቱን ዋጋ ግን ከደመወዙ እንዲከፍል መጠበቅ ተገቢ አይሆንም። የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ መቆየቱ እንዳሳየውም፣ በቴሌግራም ላይ ብቻ የተመሠረተ ክትትል በሚያስፈልግበት ጊዜ ይጠፋል። ተራ የድምፅ ጥሪ ቢያንስ በብዙ ስፍራ ይሠራል።

ጥሪው ራሱ አጭርና የተወሰነ ቢሆን ይመረጣል። መምህሩ «እንደምን ዋሉ? ልጅዎ አጠገብዎ ነው? እባክዎ ስልኩን ከፍ አድርገው ሁለታችሁም አድምጡኝ» ብሎ ይጀምር፤ ከዚያ ልጁን ባለፈው ሳምንት የተሰጠውን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው፤ አንድ ዐረፍተ ነገርም ያስነብበው። አባትየው የሚሰማ መሆኑ ዋና ነገር ነው። ልጁ ሳይችል ቢቀር በአባቱ ፊት መወቀስ የለበትም፤ ጥያቄው ቀለል ተደርጎ እንደ ገና ሊጠየቅና ሊመልስ ይገባዋል። ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ስልኩ ሲጮኽ ልጁ ከቤት አይገኝም።

ስልክ የማይደርስበት ቀበሌ ደብተር በሰው እጅ ይላካል። ወደ ከተማ ለገበያ የሚወርድ ታማኝ ሰው የስድስት የሰባት ልጅ ደብተር ይዞ ይመጣል፤ መምህሩ አርሞ በሚቀጥለው ገበያ ይመልሳል። በግጭት ጊዜ ግን ልጆችን በአንድ ስፍራ መሰብሰብና መምህሩን ከቀበሌ ቀበሌ ማዞር አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ሳይመክሩበት ሊደረግ አይገባም። የታረመ ደብተር ለአንድ ሕይወት ምትክ አይሆንም።

ለትምህርት አስተዳዳሪዎች የቀረው ጥያቄ

ልጆች ለረጅም ጊዜ ከክፍል ሲርቁ የሚደርሰው ጉዳት መዘጋቱ ከፈጀው ጊዜ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 በፓኪስታን ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንታት ያህል ተዘግተው ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በተደረገ ጥናት የአካባቢው ልጆች ከሌሎች እኩዮቻቸው ከአንድ ዓመት ተኩል የማያንስ የትምህርት ጊዜ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። 14 ሳምንት እንዴት ይህን ያህል ሊሆን ቻለ? አጥኚዎቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ ሲመለሱ ክፍሉ ካሉበት ደረጃ ሳይጀምር ወደ ፊት መቀጠሉ ነው። እናቶቻቸው ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነበራቸው ልጆች ላይ ግን ይህ ጉድለት አልታየም። በቤት የሚጠይቅ ሰው ዋጋ በዚህ ያህል ይመዘናል፤ እናት ይህን ዕድል ባላገኘችበት ቤት ደግሞ ጠያቂውን ማዘጋጀት የትምህርት ቤቱና የጽሕፈት ቤቱ ፈንታ ይሆናል።

አስተዳዳሪዎች ሊያደርጉ ከሚችሉት ሁሉ ቀላሉ በቤት የተሠራን ሥራ ዕውቅና መስጠት ነው። ልጁ ሲመለስ ደብተሩ ለመዝገቡ እንዲቀርብ፣ መምህሩም እንዲፈርምበት አስቀድሞ ከተነገረ፣ ወላጁም ልጁም ሥራው የት እንደሚደርስ ያውቃሉ። ደብተሩ ማለፊያ ሊሆን አይችልም፤ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላልና። መነሻ ግን ይሆናል። መምህሩ ደብተሩን ገልጦ ከውስጡ አንድ ሥራ መርጦ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ቢል በሁለት ደቂቃ ውስጥ የልጁ ሥራ መሆን አለመሆኑን ይለያል። ከዚያ አንድ ገጽ ማስነበብ፣ ከአራቱ የሒሳብ ስሌቶች አንድ አንድ ማሠራት፣ ስለ ሰነበተበት ሁኔታ አምስት ዐረፍተ ነገር ማስጻፍ ይከተላል። ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ልጁ የትኛው ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ከሚለው ይልቅ ከየት ይጀመርለት የሚለውን ይመልሳል። ዕድሜያቸው ለገፋ ልጆች በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተለመደው፣ የአራት ክፍል ትምህርትን በሦስት ዓመት የሚያስጨርሰው አሠራር፣ ለተመላሾች ማካካሻ በአርአያነት ሊያገለግል ይችላል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ሳይዝ የቆየ ልጅም ይመጣል። ደብተር የለውም ተብሎ መመዝገቡ ሊከለከል ወይም በጓደኞቹ ፊት ሊያፍር አይገባም፤ ነገር ግን እርሱም መጠየቅ አለበት። «በእነዚህ ሁለት ዓመታት ምን ስትሠራ ቆየህ?» ሲባል፣ ማሽላ ጠብቄአለሁ፣ ለአጎቴ ሽንኩርት ስሸጥ ነበር ይል ይሆናል። እንግዲያው መምህሩ ቀጥሎ ስለ ሽንኩርቱ ይጠይቀው፤ በኩንታል ስንት ገዙ፣ በኪሎ ስንት ሸጡ፣ የመኪናው ኪራይ ሲነሣ ስንት ተረፋቸው? መልሱን መጀመሪያ በቃሉ ይንገረው፤ ከዚያ እርሳስ ተሰጥቶት በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፈው።